ናሙናው ሄዷል፤ እናትህ ግን እዚሁ ናት

ልጄ፣ እናትህ ደብረ ታቦር ሄዳ ከጡቷ እባጭ ናሙና እንደተወሰደላት ሰማሁ። በጋይንትና በስማዳ ጤና ጣቢያዎች የዞርኩ፣ እስቴ ላይ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝና እንደ አክስትም እንደ ባለሙያም ስማኝ።

፩. ወረቀቷን ተረከብ። ላቦራቶሪው እናትህን የሚያውቃት በካርድ ቁጥሯና በናሙናው ቁጥር ነው። ወረቀቱን እንደ ልማዷ መቀነቷ ላይ ቋጥራው ይሆናል፤ በላብ ቀለሙ ሳይለቅ ተቀበላትና ፎቶ አንሳው። የተመዘገበው ስልክ የማን እንደሆነም አረጋግጥ። ቤታችሁ ኔትወርክ የማይዝ ከሆነ ከተማ የሚኖር ዘመድ ስልክ ይጨመር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ መንገዱ ዛሬ ቢከፈት ነገ ይዘጋል፤ ስለዚህ ውጤቱን ሌላ ሰው ሊቀበልላት ይችል እንደሆነ፣ ምን ይዞ መቅረብ እንዳለበትም አስቀድመህ ጠይቅ። የጤና መድን መታወቂያዋ መታደሱንም እግረ መንገድህን እይ፤ ሪፈር ቢመጣ ያስፈልጋል።

፪. ዘገየ ማለት ከፋ ማለት አይደለም። ቁራጭዋ ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ ትቆያለች፣ በሰም ትያዛለች፣ ከፀጉር በቀጠነ ትቆረጣለች፣ ቀለም ትቀባለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ የሚያያት። ፓቶሎጂስቶች ደግሞ በአገራችን ጥቂት ናቸው። መልሱም ሁለት ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ‘ናሙናው አልበቃም፣ ይደገም’ የሚባልም አለ። ያን ጊዜ ‘ደብቀውኝ ነው’ ብላ እንዳትደነግጥ ከአሁኑ ንገራት። አብዛኛው የጡት እባጭ ካንሰር አይደለም፤ እውነት ነው፣ ግን አንዴ በልና ተው። ሲደጋገም የፈራኸው አንተ መሆንህን ታውቅብሃለች።

፫. አንተ ወንድ ልጅ ነህ። ጡቷን አታሳይህም፤ ቢያማትም ‘ደህና ነኝ’ ነው የምትልህ። የምታምናትን ሴት አስጠጋላት። መርፌው የገባበት ቦታ ጥቂት ቢበልዝና ቢጠዘጥዝ ያለ ነው። ከቀላ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ውጤት ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

፬. ጠበል ካለች አትከልክላት። ዋንዛዬም ትውረድ፣ ደብሯም ትጠመቅ፤ ጠበልንና ሐኪም ቤትን የሚያጣሏቸው ሰዎች ናቸው። ቁስሉ እስኪደርቅ ትታገሥ፤ ሱባኤዋም ከቀጠሮዋ እንዳይጋጭ አስታውሳት። ‘የነቀርሳ ሥር አውቃለሁ’ እያለ እባጭ ላይ ቅጠል ለጥፎ የሚያቆስለው ግን ከደጅ ይመለስ። ‘መርፌ ከነካው ይበተናል’ የሚሉህም አይጠፉም። ይህ ወሬ ስንቷን ሴት ቤት አስቀምጦ አስረፈደ መሰለህ!

፭. ቡና ላይ የሚመጣውን አንተ መክት። ‘የእገሌም ሚስት እንዲሁ ነበር የጀመራት’ የምትል ጎረቤት ትመጣለች፤ ክፋት የላትም፣ ወሬውን ወደ ድንች ዋጋ አዙርባት። ዓረብ አገር ያለችው እህትህ ሌሊት ሌሊት የምትልከውን የመድኃኒት ዓይነት ለእናትህ አታሰማ። ለእህትህ ግን ሥራ ስጣት፦ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ መሄድ ቢመጣ የሚሆን ብር ትያዝ። በሬ ለመሸጥ ማንም አይጣደፍ።

፮. ሥራዋን አትቀማት። ውሃውንና እንጨቱን አንተ ያዝ፤ እንጀራዋን እሷ ትጋግር።

፯. አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በእኛ አገር ክፉ ነገር የሚነገረው እንደ መርዶ ነው፤ አገሩ ሁሉ አውቆ፣ ባለቤቱ ብቻ ሳያውቅ፣ ጎሕ ሲቀድ። በሕመምም ይህንኑ እናደርጋለን። ልጅ ቀድሞ ዶክተሩ ዘንድ ይገባና ‘ለእሷ እንዳይነግሯት’ ይላል። ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን አልስማማበትም። ቀዶ ጥገና ቢባል የምትፈርመው እሷ ናት፤ ኬሞ ቢባል የሚያስመልሳት፣ ፀጉሯ የሚረግፈው እሷ ናት። ለምን እንደሆነ ሳታውቅ በምን ትጽና? ያልተነገራት ሴት ትንሽ ሻል ሲላት ‘ድኛለሁ’ ብላ ከቀጠሮዋ ትቀራለች።

ስለዚህ ወረቀቱ ሳይመጣ ጠይቃት፦ ‘እማዬ፣ ዶክተሩ ሲናገር አብረሽኝ ትሰሚያለሽ፣ ወይስ እኔ ሰምቼ ልንገርሽ? ሌላስ ማን ይወቅ?’ መጀመሪያ ‘እግዜር ያውቃል’ ብላ ዝም ትልሃለች። አትጫናት። ሌላ ቀን ምጣዷን እያሰሰች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ መልሱን ትሰጥሃለች። ‘አልሰማም፣ አንተ ስማልኝ’ ካለችም መብቷ ነው። ባልዋ ሳይቀር ከእሷ ፈቃድ በፊት እንዳይሰማ ካለች፣ ከበድ ቢልህም ጠብቅላት።

፰. ውጤቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። መናኸሪያ ላይ ከፍተህ ቃሉን በስልክህ አትፈልግ፤ ናሙና ወዳዘዘው ሐኪም ይዘህ ግባ። ጥያቄህን ጽፈህ ያዝ፦ ምንድን ነው፣ ቀጥሎ ምን ይደረጋል፣ የት፣ መቼ። አዲስ አበባ ከተባለ ስለ ማደሪያ የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ጠይቅ፤ በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፣ ከክልል የሚመጡ ሕሙማንን ያሳርፋል። ካንሰር አይደለም ከተባለም እባጩ ይቆይ ወይስ ይውጣ፣ መቼስ ትመለስ ብለህ ሳትጠይቅ ከክፍሉ እንዳትወጣ፤ ደስታ ያስረሳል፣ ሰው ጥያቄው ትዝ የሚለው መኪናው ጋሳይ ከደረሰ በኋላ ነው።