ጥሬ ሰላጣና የለውዝ ማጣፈጫ



በጾም ወራት ወደ አንዳንድ ቤት ስንገባ ሰላጣ በሎሚና በቃሪያ ተሠርቶ ከእንጀራ ጋር ይቀርብልናል። መብሉ መልካም ነው። ነገር ግን ቅጠሉ በምን ውሃ ታጠበ ብለን ስንጠይቅ፣ «ሎሚ ገብቶበታል እኮ፣ ምን ይሆናል!» የሚል መልስ እንሰማለን። እኛም ተማሪዎች ሳለን በዚሁ ተታለን፣ ከወንዝ ዳር የተቀጠፈ ሰላጣ በሎሚ ብቻ አሽተን በልተን ሦስት ቀን ከሽንት ቤት ሳንርቅ ሰንብተናል።

ሎሚም ሆነ አቼቶ ምግብን ያጣፍጣል እንጂ የወስፋትን እንቁላል አይገድልም። ጨውም ያው ነው። አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። ወስፋት ያለበት ልጅ ከጓሮ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ከአፈር ይቀላቀላል፤ በዚያም ለዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ዝናብና የመስኖ ውሃ ወደ አትክልቱ ያደርሱታል። በዓይን አይታይም፣ ቅጠሉም ላይ ይጣበቃል። ጎመን ሲቀቀል እሳቱ ይህን ያጠፋል። ሰላጣ ግን እሳት አያይምና መከላከያው እጃችሁና ውሃችሁ ነው።

እንግዲህ አስቀድሞ እጅን በሳሙና፣ ከሌለም በአመድ መታጠብ ይገባል። ሰላጣውን እንዳለ በሳፋ ነክሮ ማውጣት ማጠብ አይባልም። ቅጠል በቅጠል ገንጥሉት፤ የተበላሸውን ጣሉ። ከዚያ እንግዳ እጅ እንደምናስታጥበው አንድ ልጅ ከላይ ንጹሕ ውሃ እያፈሰሰ፣ ፊቱንና ጀርባውን፣ ይልቁንም ጭቃ የሚሸሸግበትን የቅጠሉን ሥር በጣት እያሻችሁ እጠቡት። በመጨረሻ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አለቅልቃችሁ በንጹሕ ወንፊት ላይ አጠንፍፉት። ይህን ያህል ውሃ በሌለበት ቀን ሰላጣው ይቅርና ጎመን ቀቅሉ።

ማጣፈጫው እንዲህ ይሠራል። ለአምስት ሰው አንድ የቡና ስኒ ለውዝ በብረት ምጣድ ቆልታችሁ፣ ገለባውን አሽታችሁ አንፍሱት። ከአንድ ፍንጭ ነጭ ሽንኩርትና ከጥቂት ጨው ጋር በታጠበ ሙቀጫ እስኪልም ውቀጡት። የሁለት ሎሚ ጭማቂና ሦስት ማንኪያ የኑግ ዘይት ጨምራችሁ አማስሉት። ቢወፍር በውሃ ይቀጥናል፤ እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ቅጠሉን በጥንቃቄ አጥበው ማጣፈጫውን ከእንስራው በቀዳ ውሃ ያቀጥኑታል። የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ እንጂ ሌላ አይግባበት።

ዘይቱ አካላችን በቅጠሉ ውስጥ ካለው ነገር ቪታሚን ኤ እንዲያገኝ ይረዳል። ሎሚውም ደም የሚሠራበትን ብረት ከአትክልቱ እንድናገኝ ያግዛል። ስለዚህ ሎሚው ቦታ አለው፤ እጥበትን ግን አይተካም።

ለውዙን ስትገዙ አንድ በአንድ ልቀሙት። የሻገተውን፣ የጨማደደውንና የመረረውን ጣሉ፤ የሻጋታው መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ ብትቆሉትም ፈጽሞ አይጠፋም። «ያሳዝናል፣ ለልጆቹ ይሁን» አትበሉ እባካችሁ። ያልተወቀጠ ለውዝም ለትንንሽ ልጆች አይሰጥ፤ ወደ አየር ቧንቧ ገብቶ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል።

ማጣፈጫውን ገበታ ሲቀርብ ብቻ አፍስሱበት፣ አለዚያ ቅጠሉ ይጠወልጋል። የተረፈውንም ለነገ አታሳድሩት።