ውኃ መጠጣት የሚያበዛ ውሻና ድመት፤ የኩላሊት ድካም ምልክቶችና ጥንቃቄው

በእብናት ወረዳ በጎችን ሌሊት ከጅብ የሚጠብቀው ውሻ ነው፤ የኅብረት ሥራ ማኅበሩን የዘር መጋዘን ከአይጥ የምትጠብቀው ደግሞ ድመት ናት። ስለ ከብትና ስለ በግ በሽታ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ እነዚህ ግን እምብዛም ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የሰብል ባለሙያ ቢሆንም፣ ድመት የሌለው መጋዘን ምን እንደሚመስል አይቷልና ነገሩ የሰብል ሥራም ነው ይላል።

ኩላሊቶች ከወገብ አጥንት ሥር ግራና ቀኝ ይገኛሉ። ደምን ያጣራሉ፤ ቆሻሻውን በሽንት ያስወጣሉ፤ ለሰውነት የሚያስፈልገውን ውኃ መልሰው ያስቀራሉ፤ ደም እንዲመረትም ይረዳሉ። እንስሳው ሲያረጅ፣ ወይም በበሽታና በመርዝ ሲጎዳ ማጣሪያዎቹ ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ የሞተውም አይተካም። የቀሩት ሥራውን ስለሚሸከሙ ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ ምንም አያይም። ከ3 እጅ 2ቱ ሲጠፋ ሽንቱ እንደ ውኃ ይቀጥናል፤ ከ4 እጅ 3ቱ ሲጠፋ ቆሻሻው በደም ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ «ትናንት ታመመ» የሚባለው ውሻ መታመም የጀመረው ብዙውን ጊዜ ከወራት በፊት ነው።

የመጀመሪያው ምልክት ውኃና ሽንት ማብዛት ነው። ይህንንም በግምት ሳይሆን በልክ ማወቅ ይቻላል። ሌላ እንስሳ በማይደርስበት ቦታ ጠዋት የተለካ ውኃ ማስቀመጥ፣ በማግሥቱ ጠዋት የቀረውን መለካት ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን ከ2 ሊትር በላይ፣ 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት ከሩብ ሊትር በላይ ከጠጡ፣ የሚያጠቡ ካልሆኑ በቀር፣ ጤነኞች አይደሉም። የስኳር በሽታም ያስጠማል፤ የሚለየው የደምና የሽንት ምርመራ ነው። ቆይቶም መክሳት፣ ምግብ መጥላት፣ ማስታወክ፣ የድድ መንጣት፣ የአፍ መቁሰልና ሽንት ሽንት የሚል የአፍ ጠረን ይከተላሉ።

ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ነው። የከሳ፣ አፉ የቆሰለና ለሐጩ የሚዝረበረብ ውሻ ሲታይ አንዱ «አብዷል» ብሎ በድንጋይ ይገድለዋል፤ ሌላው «ውኃ ስለሚጠጣ አላበደም» ብሎ አፉን ከፍቶ ያያል። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ግን ሰው ይገድላል። ውኃ መፍራት በበሽታው የተያዘ ሰው ምልክት ነው፤ ያበደ ውሻ ውኃ ሊጠጣ ይችላል። አንዱ መለያ ጊዜው ነው። የኩላሊት ድካም ወራት ይፈጃል፤ በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ ውሻ ግን ምልክቱ ከታየ በኋላ ብዙውን ጊዜ 10 ቀን አይሞላውም። ጠባዩ በድንገት ይለወጣል፤ ያለ ምክንያት ይናከሳል፤ ድምፁ ይለወጣል፤ መንጋጋው ይንጠለጠላል። ጥርጣሬ ካለ እንዳበደ ቆጥሮ አለመንካት፣ በር መዝጋትና ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ማሳወቅ ይገባል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀንም ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የደከመ ኩላሊትን የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ ዕድሜ ማራዘም ግን ይቻላል። ቤት እንዳያበላሽ ተብሎ ውኃ የሚከለከል ውሻ በጥቂት ቀናት ይሞታል፤ ንጹሕ ውኃ ምንጊዜም አይለየው። ጨው የበዛበት ትርፍራፊና አጥንት ይቅር፤ በአጥንት ያለው ፎስፈረስ ኩላሊቱን ይበልጥ ያደክማል። ለውሻ በውኃ የራሰ እንጀራ ከጥቂት እንቁላል ጋር ይበቃል። ድመትን በእንጀራ ብቻ ማኖር ግን አይቻልም፤ ሥጋ ያስፈልጋታል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል። ለከብት ተገዝቶ የተረፈ ጄንታማይሲንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወጋ።

መጋዘኑም ይታይ። የአይጥ ሽንት ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ ያስተላልፋል፤ የውሻን ኩላሊት ይጎዳል፤ ሰውንም ይይዛል። በ1997 ዓ.ም. በአጎራባቹ ሊቦ ከምከም ሰዎችን የፈጀው ካላዛርም ከዚህ ነገር ሩቅ አይደለም። በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ የዚያ ተውሳክ ዘመድ ውሾችን ይይዛል፤ ብዙዎቹም የሚሞቱት በኩላሊታቸው ነው። ስለዚህ ውኃ ከማብዛቱ ጋር ፀጉሩ የሚረግፍና ጥፍሩ ያለ ልክ የሚረዝም ውሻ ካለ ለሐኪሙ ተለይቶ ይነገር። ሐኪም ዘንድ ሲኬድ የእንስሳው ዕድሜ፣ በቀን የጠጣው ውኃ በሊትር፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና የተሰጠው መድኃኒት ተጽፎ ይያዝ።