ነፋስና ውሃ በአንድ ቧንቧ

ጌፈርሳ ከቡራዩ አጠገብ ያለ፣ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የሚሰጥ ግድብ ነው። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ውሃው እንደ መስተዋት ጸጥ ይላል። ነፋስ ሲነሣ ግን ገጹ ይሸበሸባል፤ ከማዶ ዳር ሞገዱ ድንጋዩን ሲመታ ይሰማል። ከተማሪዎቻችን አንዱ፣ በዕድሜ አባታችን የሚሆኑ ሰው፣ «ልጆቼ፣ አየር ክብደት የለው፤ ታዲያ ውሃን እንዴት ያነሣል?» ብለው ጠየቁን።

አየር ክብደት አለው። ይሁን እንጂ በቡራዩ ከፍታ ላይ ውሃ ከአየር ከ1000 ጊዜ በላይ ይከብዳል። እንግዲህ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው።

ውሃው ትንሽ ጉብ ሲል፣ ከላዩ የሚያልፈው አየር መንገድ ይጠበዋል። ስለዚህ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ደግሞ ግፊቱ ይቀንሳል። ጉብታው ወደ ላይ ይሳባል ማለት ነው። የውሃው ክብደትና የገጹ መወጠር ደግሞ ወደ ታች ይመልሱታል። አየሩ በቂ ፍጥነት ካለው ሞገዱ ያድጋል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1868 ሄልምሆልትዝ፣ በ1871 ደግሞ ኬልቪን የተባሉ ሊቃውንት አስረድተዋል።

በሐይቅ ላይ ሰማዩ ክፍት ነው። ቧንቧ ግን ጣሪያ አለው። ሁለት ጣት ያህል የሚወፍር፣ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ጎማ አምጥተን፣ በግማሽ ውሃ ሞልተን፣ ጫፍና ጫፉን ጥቂት ቀና አድርገን በጠረጴዛ ላይ አጋደምነው። እስቲ እናንተም ሞክሩት። ቀስ ብለን ስንነፋ ውሃው ዝም አለ። ጠንከር ስናደርግ ተሸበሸበ። በኃይል ስንነፋ ግን ሞገዱ ጣሪያውን ነካ፤ መንገዱ ተደፈነ፤ ከኋላ የታመቀው አየር ያንን የውሃ ውታፍ እንደ ጥይት ገፋው። ፊት ለፊት የቆመው ጓደኛችን ሸሚዙን ማስጣት ነበረበት።

ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ቧንቧችን የሚያስለውና የሚያንኳኳው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ውሃና አየር አንድ መንገድ ይጋፋሉ። ድንገት በሰፊው ከተከፈተ አየሩ ይፈጥናል፤ ውታፉም ክርኑንና መጋጠሚያውን ይመታል። ስለዚህ በቤቱ ከፍ ብሎ ያለውን ቧንቧ በትንሹ ከፍቶ፣ ትፍ ትፉ እስኪያበቃና ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ መጠበቅ ይገባል።

አባት ግን አልጨረሱም። «ያን ጊዜ ቆጣሪው የሚቆጥረው ውሃውን ነው ወይስ አየሩን?»

አየርም ሲያልፍበት ይዞራል አልናቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ደብተራቸው ላይ ጻፉት።