የመዳብ መልክ ያለው አጭር ዊግ ሲገዛ፤ ዋጋው የቀለሙ ነው ወይስ የክሩ?

በመርካቶም ሆነ በየሰፈሩ ባሉ የውበት ዕቃ መደብሮች ከሚሰቀሉት ዊጎች መካከል ከሩቅ ዓይን የሚስበው አጭሩ፣ ጥቅልሉና የመዳብ መልክ ያለው ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ከጥቁሩና ከቡኒው አስቀድሞ ደጃፍ ላይ ያወጣዋል። ይሁንና የሰው ጸጉሩን ከሰው ሠራሹ ለመለየት ይበልጥ የሚያስቸግረውም ይኸው ዓይነት ነው። ረዥምና ሉጫ ዊግ ጥራቱ ዝቅ ያለ ከሆነ ጫፉ ይተሳሰራል፤ ከልክ በላይ ያብለጨልጫል፤ በአጭር ጊዜ ራሱን ያጋልጣል። አጭርና ጥቅልል ግን ጉድለቱን በጥቅልሉ ውስጥ ይሸሽጋል። ስለዚህ ሰው ሠራሹን «ሂውማን ሄር ነው» ብሎ በሰው ጸጉር ዋጋ ለመሸጥ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ዕቃ የለም።

ዊግ ከውጭ የሚገባ ሸቀጥ በመሆኑ ስህተቱ የሚከፈለው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት ዕለት፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ወደ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ገደማ ከፍ ማለቱ፣ በሳምንታት ውስጥም 100 ብርን ማለፉ ይታወሳል። በ10 ዶላር የሚገዛ ዊግ በዚያ ቀን ብቻ ከ575 ብር ገደማ ወደ 747 ብር ገደማ ደርሷል ማለት ነው፤ ያውም ማጓጓዣ፣ ቀረጥና የሱቅ ኪራይ ሳይታከልበት። ከዚያ ወዲህ በአንድ ዊግ ላይ የሚታሰረው ካፒታል ከፍ ያለ ስለሆነ ነጋዴው በዓይን ግምት ብቻ የሚገዛበት ጊዜ አልፏል።

ለመሆኑ የሚሸጠው ነገር ምንድን ነው? የዓለም የዊግ ማምረቻ ማዕከል ተብላ የምትታወቀው በቻይና ሄናን ክፍለ ሀገር የምትገኘው ሹቻንግ ከተማ ናት። ለሰው ጸጉር ዊግ ጥሬ ዕቃ ከሚያቀርቡት አገሮች አንዷ ሕንድ ስትሆን፣ በቲሩማላ ቤተ መቅደስ ምእመናን ለስለት የሚላጩት ጸጉር በጨረታ እየተሸጠ ወደ ፋብሪካዎች ይሄዳል። በሰው ሠራሹ ወገን ስመ ጥር የሆነው የጃፓኑ ካኔካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ማምረት የጀመረው «ካኔካሎን» የተባለው ክር ነው። ከዚህ ሌላ ሙቀትን የሚችሉ የፖሊስተር ዘር ክሮች አሉ። ሁለቱን የሚቀላቅሉ ፋብሪካዎችም እንዲሁ አሉ፤ ድብልቁ በራሱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ድብልቅ መሆኑ ሲደበቅ ነው።

የሰው ጸጉር ሁሉ አንድ አይደለም። ከአንድ ራስ ላይ ተቆርጦ ሥሩና ጫፉ ሳይዘባረቅ የተያዘ ጸጉር «ሬሚ» ይባላል፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። ከየማበጠሪያውና ከየወለሉ የተለቃቀመው ግን ሥርና ጫፉ ተደበላልቆ ስለሚገኝ፣ የጸጉሩ ላይኛ ቅርፊት እርስ በርሱ እየተያያዘ ይቋጠራል። ፋብሪካው ይህን ለማስቀረት ቅርፊቱን በአሲድ ይገፈውና በሲሊኮን ይቀባዋል። ሲገዛ ሐር የመሰለው ጸጉር ጥቂት ጊዜ ታጥቦ ሲሊኮኑ ሲለቅ ደረቅ ገለባ ይሆናል። ሻጩ «የሰው ጸጉር ነው» ሲል አልዋሸም፤ ገዢው ግን ተጎድቷል።

እዚህ ላይ በብዙ ነጋዴዎች ዘንድ የማይወደድ አስተያየት እንሰነዝራለን። ለዚህ ለአጭሩ፣ ለጥቅልሉና ለመዳብማው ዊግ ጥሩ ሰው ሠራሽ ክር ከመካከለኛ የሰው ጸጉር ይበልጣል። ምክንያቱ ቀለሙና ጥቅልሉ ነው። ጥቁር የሰው ጸጉር የመዳብ መልክ እንዲይዝ በመጀመሪያ የተፈጥሮ ቀለሙ በኬሚካል መነጣት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ይቀለማል። በመነጣቱ ይዳከማል። የቀይ ዘር ቀለም ደግሞ ከጸጉር ቀለሞች ሁሉ ቶሎ የሚለቅ በመሆኑ፣ መዳብ የነበረው ከጥቂት እጥበት በኋላ ወደ ብርቱካንማ፣ ከዚያም ወደ ደረቅ ሣር መልክ ይሄዳል። ጥቅልሉም ቢሆን በእንፋሎትና በኬሚካል የተሠራ ነውና በውሃ ብዛት ይላላል። በሰው ሠራሹ ግን ቀለሙ ክሩ ገና በፋብሪካ ሲወጣ አብሮ የሚገባ ነው፤ ጥቅልሉም በሙቀት የታተመ ስለሆነ ታጥቦ ሲደርቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። የሰው ጸጉር ብልጫው ለእጅ ያለው ልስላሴ፣ እንደገና መቅለምና በካውያ መሥራት መቻሉ፣ በደንብ ከተያዘም ዕድሜው ረዥም መሆኑ ነው። ይህን የምትፈልግ ደንበኛ አለች፤ ለእርሷ ሬሚውን በልኩ ዋጋ ማቅረብ ነው። መሐል ላይ ያለው፣ በአሲድ የተገፈፈውና «ሂውማን» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ግን ለነጋዴውም ለለባሿም አይሆንም።

ሰው ሠራሹም የራሱ ጠላት አለው፤ እርሱም ሙቀት ነው። ተራውን ክር ለብሳ ምጣድ ከፍታ እንጀራ የምታወጣ ሴት እንፋሎቱ የፊቱን ጸጉር አንዴ ካገኘው ጫፉ ይኮማተርና አይመለስም። ሙቀት ቻይ የተባለው ክር የተሻለ ቢሆንም እርሱም ወሰን ስላለው፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የሙቀት መጠን ማየት ያስፈልጋል። ይህን ለደንበኛ ሳይነግሩ መሸጥ በማግስቱ ዕቃው ተመልሶ እንዲመጣ መጥራት ነው።

ፍተሻው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ከዊጉ ጥቂት ጭረቶችን ነቅሎ በመቆንጠጫ ይዞ ማቃጠል የቆየ ዘዴ ነው። የሰው ጸጉር የበግ እግር ሲለበለብ የሚሸተውን ሽታ ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቃል። ሰው ሠራሹ ከእሳቱ ይሸሻል፤ ይቀልጣል፤ የላስቲክ ሽታ አለው፤ ጫፉ ላይም ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይተዋል። ዋናው ነገር ጭረቱ ከየት ተነቀለ የሚለው ነው። ደላላው ከግንባር በኩል ራሱ ነቅሎ ካቃጠለ ፈተናው ፈተና አይደለም። በድብልቅ ዊግ የሰው ጸጉሩን ዓይንና እጅ በሚያርፍበት በፊተኛው በኩል ማድረግ ይቻላልና፤ ከግንባር፣ ከመሐል አናትና ከማጅራት ለየብቻ መንቀል የገዢው ድርሻ ነው።

ቀለሙን ለመፈተን ነጭ መሐረብ አርጥቦ ጥቅልሉን መጭመቅና ማሸት ይበቃል። መሐረቡ ከቀላ ቀለሙ የደንበኛዋን አንገትጌም ያቀላል። ከዚያ ዊጉን ይዞ ወደ ውጭ መውጣት ነው። በሱቅ መብራት ሥር ሞቅ ያለ መዳብ የሚመስለው በቀን ብርሃን ካሮት ሆኖ ሊገኝ ይችላልና። ጥሩ መዳብማ ዊግ ሲመረመር አንድ ቀለም ብቻ አይደለም፤ ሁለትና ሦስት ተቀራራቢ መልኮች ተቀላቅለውበት፣ ሥሩ አካባቢ ጠቆር ያለ ነው። ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት የሆነው ከሩቅ የአሻንጉሊት ጸጉር ይመስላል።

ዊጉን መገልበጥ የሚረሳ ነገር ነው፤ ገንዘቡ የሚገኘው ግን እዚያ ነው። ካፕ በሚባለው የውስጥ ቆብ ላይ ጸጉሩ በመስመር የተሰፋባቸው ጥልፎች እርስ በርስ የተቀራረቡና ድርብ ስፌት ያላቸው መሆናቸው ይታያል። በጣት ሲከፈት ቆቡ ወለል ብሎ የሚታይ ከሆነ ጸጉር ተቆጥቧል። ፊቱ ላይ ስስ ዳንቴል ያለው ጸጉሩ ከግንባር የበቀለ ስለሚያስመስል በዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን በአጭር ጥቅልል ዊግ ጸጉሩ ራሱ ግንባር ላይ የሚወርድ ከሆነ ዳንቴሉ አይታይም። የማይታይ ነገር ላይ ዶላር ማውጣት አይመከርም። መካከለኛ የሚባለው ቆብ ከ54 እስከ 57 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ላለው ራስ የሚሆን ነው። የእኛ ደንበኛ ከሥር ሹሩባ ተሠርታ የምትለብስ ከሆነች ይጠባታልና፣ ከእያንዳንዱ ደርዘን ውስጥ ጥቂት ሰፊዎችን ማዘዝ ብልህነት ነው።

ስለ ቁጥሮች አንድ ሁለት እንበል። ርዝመቱ «8 ኢንች» የተባለ ጥቅልል ዊግ የሚለካው ተስቦ ከሆነ ሲለቀቅ በእጅጉ ያጥራል፤ እንዴት እንደተለካ ሳይጠይቁ በኢንች ዋጋ መነጋገር ኪሳራ ነው። «130»፣ «150»፣ «180 በመቶ» የሚባለው የጸጉር ብዛትም ገለልተኛ አካል የሚቆጣጠረው ልኬት ሳይሆን የአምራቹ አባባል ነው። ከአንድ ካርቶን ውስጥ ጥቂቶቹን በሚዛን ማነጻጸር ከወረቀቱ ይልቅ እውነቱን ይናገራል። የቀለም ቁጥሮቹም 30፣ 33፣ 350 እየተባሉ ቢጠሩም፣ አንዱ ፋብሪካ 350 የሚለው ከሌላው 350 ጋር ላይገጥም ይችላል። ስለሆነም ትእዛዝ በቁጥር ሳይሆን በናሙና ጭረት ይሰጥ።

የዕቃው ስም በሰነድ ላይም ይከተላል። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ ሙሉ የሰው ሠራሽ ዊግ 6704.11፣ የሰው ጸጉር ሥራ ደግሞ 6704.20 ሥር ይገባል። ኢንቮይሱ የሰው ጸጉር እያለ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ካኔካሎን ከሆነ፣ አስመጪው ለሻጩ ያለ ልክ ከከፈለው ሌላ ቀረጡንም በዚያው በተጋነነ ዋጋ ላይ ሊከፍል ነው።

ስንት ይገዛ ለሚለው ጥያቄ አንድ ስሌት እናቅርብ። አንድ ቸርቻሪ 24 መዳብማ ዊጎችን እያንዳንዱን በ1,000 ብር ገዝቶ በ1,400 ብር ይሸጣል ብንል፣ ያወጣው 24,000 ብር ነው፤ ሁሉም ቢሸጡ 9,600 ብር ያተርፋል። 18ቱን ሲሸጥ 25,200 ብር እጁ ገባ፤ ከወጪው በላይ ያገኘው 1,200 ብር ብቻ ነው። የቀረው 8,400 ብር ያለው በመጨረሻዎቹ 6 ዊጎች ላይ ነው። ጥቁርና ቡኒ ዊግ ዘንድሮ ባይሸጥ ለከርሞ ይሸጣል። መዳብ ግን የፋሽን ቀለም ነው፤ ፋሽኑ ሲያልፍ የሚቀሩት እነዚያው ስድስቱ ናቸው፤ እነርሱም ትርፉ ናቸው። ስለዚህ ለጀማሪ ሱቅ መዳቡ መስኮት የሚያደምቅ እንጂ መደርደሪያ የሚሞላ ባይሆን እንመርጣለን። ግማሽ ደርዘን ገዝቶ፣ ሲያልቅ መድገም ነው።

አጭር ዊግ ለጌጥ ብቻ አይገዛም። በካንሰር ሕክምና ምክንያት ጸጉራቸው የረገፈባቸው እኅቶችም ቀላልና ነፋስ የሚያስገባ በመሆኑ ይመርጡታል። ለእነርሱ የቆቡ ስፌት ራስን የሚቧጭር፣ የብረት ማበጠሪያ ክሊፕ ያለበት መሆን የለበትም፤ ክሊፑ የሚይዘው ጸጉር የለምና። ሱቁ ጥግ ላይ መጋረጃና መስታወት ቢኖር፣ ለሙከራ የሚለበስ ስስ የናይሎን ቆብም ቢዘጋጅ ለሁሉም ደንበኛ ንጽሕና ይጠቅማል፤ የተለካ ዊግም ሳይቆሽሽ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል።

ከዱባይም ሆነ ከጓንጆ በሻንጣ የሚያመጡ፣ ወይም እዚሁ ከጅምላ ሻጭ በደላላ በኩል የሚወስዱ ነጋዴዎች ስምምነታቸውን በአንድ የታሸገ ናሙና ላይ ቢያደርጉ መልካም ነው። ገዢና ሻጭ ሁለቱም የፈረሙበት ዊግ በገዢው ዘንድ ይቀመጥ፤ በደረሰኙም ላይ የክሩ ዓይነት፣ ርዝመቱ ተስቦ መለካቱ ወይም አለመለካቱ፣ የቆቡም ስፋት ይጻፍ። የደላላው ኮሚሽንና የክፍያው ቀሪ ካርቶኑ ተከፍቶ፣ ከሥርም ከላይም የወጡ ዊጎች ከናሙናው ጋር ከተነጻጸሩና ጭረት ተነቅሎ ከተቃጠለ በኋላ ይከፈል። ሻጩ ካርቶኑ እንዳይከፈት ካስቸገረ ቀብዱን መልሶ መጠየቅ ይገባል።