በቶሎ ለማግባት ላሰበች የእህቴ ልጅ

ልጄ፣ በተዋወቃችሁ በአጭር ጊዜ ልትጋቡ ማሰባችሁን እናትሽ ነገረችኝ። «ዳርማ ኤንድ ግሬግ» የሚባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ኮሜዲ እያየሽ «እነሱም እኮ በአንድ ቀን ነው የተጋቡት» ማለትሽንም ሰማሁ። እኔም ቁጭ ብዬ አየሁት። ከባሕር ዳር፣ ከሹም አቦ ሰፈር የምጽፍልሽ ተቆጥቼ ሳይሆን ስለማስብልሽ ነው።

1. አለመመሳሰላችሁ አያስፈራሽ። ዳርማ የዮጋ አስተማሪ ናት፤ ላሪና አቢ፣ ወላጆቿ፣ ራሳቸው በሕግ ሳይጋቡ ያሳደጓት ሂፒዎች ናቸው። ግሬግ የሀብታም ልጅና የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ነው። በመጀመሪያው ቀጠሯቸው ሪኖ ከተማ ሄደው ተጋቡ። የማይመስሉ ሰዎች ጋብቻ በእኛም መድረክ ቀድሞ ታይቷል። መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ በጻፉት «ያላቻ ጋብቻ» የተማረ የትልቅ ቤተሰብ ልጅ ገጠር ወርዶ ሲያስተምር የቤት ሠራተኛውን ይወዳል። ተመልካቹ እየሳቀ ዘርና ማዕረግ የሚቆጥረውን ልማዱን እንዲመረምር ያደረጉ ታላቅ ሰው ናቸው። ዘር ቆጥሮ ልጆችን የሚለያይ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። የመረጥሽው ልጅ ከሌላ አገር ቢመጣ፣ ሌላ ቋንቋ ቢናገር፣ በእኔ በኩል እንቅፋት አይገጥምሽም።

2. በድብቅ ግን አታግቢ። ድራማው ከ1997 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. 119 ክፍል ሄዷል። ድንገተኛው ጋብቻ የመጀመሪያው ክፍል ላይ አልቋል፤ ከዚያ በኋላ ታሪኩን የሚያስኬዱት ባልና ሚስቱ ብቻ ሳይሆኑ አማቾቹም ናቸው። የግሬግ ወላጆች ኤድዋርድና ኪቲ፣ ከእነ ላሪ ጋር በምንም ሳይስማሙ፣ ከልጆቹ ቤት አይጠፉም። ይቆጣሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ ግን ይመጣሉ። አንቺ ያላስተዋልሽው ይህን ነው።

እኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚላከው ለወግ ብቻ አይደለም። የተቀመጡት ሰዎች ይጠይቃሉ፤ ልጁ የማን ነው፣ በምን ይተዳደራል፣ ሌላ ቤት ትዳር አለው ወይ፣ ዕዳስ? በፍቅር የተያዘ ሰው እነዚህን ለመጠየቅ ያፍራል፤ ሽማግሌ አያፍርም። ደግሞም ነገ ስትጣሉ የሚጠሩት እነዚያው ናቸው። ለማስታረቅ ብዙ ቤት ገብቻለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ማንም ሳያውቀው የተጋቡት ሲጣሉ ነው፤ «እናንተ ሰጥታችሁኛል፣ ስሙኝ» የሚሉት ሰው የላቸውም።

3. ሕጉን እወቂ። በማዘጋጃ ቤት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ብትጋቡ ሦስቱም ጋብቻ ነው። ክልላችን አማራ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 79/1995። ሁለታችሁም 18 ዓመት የሞላችሁና በፈቃዳችሁ የምትጋቡ መሆን አለባችሁ። ከጋብቻ በፊት የነበረሽ ንብረት የግልሽ ሆኖ ይቆያል፤ ከተጋባችሁ በኋላ የምታገኙት ደመወዝና ገቢ ግን የጋራ ነው። ሌላ ነገር ከፈለጋችሁ የጋብቻ ውል በጽሑፍ አድርጉ። ውል መጻፍ አለመተማመን ነው የሚሉሽን አትስሚ።

4. የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ አብራችሁ አድርጉ። እምቢ ካለ ነገሩ እዚያው ይቁም።

5. ሲከፋው እዪው። በቴሌቪዥን ጠብ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፤ ቤት ውስጥ ግን አድሮ ይከርማል። ገንዘብ ሲያልቅበት፣ አንቺ ስትታመሚ፣ እናቱን ሲያናግር፣ «አይሆንም» ስትዪው ምን እንደሚሆን ሳታዪ ቃል አትስጪ። ጥምቀት አልፎ የሰርጉ ወቅት እስኪደርስ ብትታገሺ ይህን ሁሉ ለማየት ጊዜ ይኖርሻል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዘሽው ነይ፤ እናትሽ ቡና ታፈላለች። ሽማግሌ ሲልክ እኔ ከአባትሽ ጎን ተቀምጬ እቀበላቸዋለሁ። ወገኖቹ ሩቅ ከሆኑና የሚልከው ካጣም፣ እዚሁ ባሕር ዳር በሥራ ወይም በጉርብትና የሚያውቁትን ሦስት ሰዎች ይዞ ይምጣ።