አበበ በሮጠበት ከተማ መራመድ አቃተኝ
የጤና ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ በአዲስ አበባ የምኖር የ61 ዓመት ጡረተኛ መምህርት ነኝ። ደም ግፊት ስላለብኝ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እወስዳለሁ። ባለፈው ሐምሌ ልጆቼ ገንዘብ አዋጥተው ከሃያ አንድ ሰዎች ጋር ሮምን እንድጎበኝ ላኩኝ። ሌሊቱን በአውሮፕላን ስንጓዝ አድረን፣ ጠዋት ሻንጣችንን ሆቴል ጥለን ወጣን። መጀመሪያ የቫቲካን ሙዚየም፣ ቀጥሎ የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ፣ ከዚያ ኮሎሲየም፣ ትሬቪ ፏፏቴ፣ መጨረሻ ላይ የስፔን ደረጃዎች። አስጎብኚዋ ባንዲራዋን ከፍ አድርጋ ትፈጥናለች፣ እኛም ከኋላዋ እንሮጣለን። ሽንት ቤት ፍለጋ ሰው እንዳላስቆም ብዬ ውኃ ብዙም አልጠጣሁም።

ከቀኑ 8 ሰዓት ግድም ኮሎሲየም በር ላይ ተሰልፈን ሳለ ዓይኔ ጨለመብኝ፣ ላብ አጠመቀኝ። አጠገቤ የነበረች ሴት ባትደግፈኝ ኖሮ ወድቄ ነበር። የስፔን ደረጃዎች ላይ አረፍ ልበል ብል ፖሊስ ፊሽካ ነፍቶ አስነሳኝ። ማታ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቼ አበጡ፣ ተረከዜ ውኃ ቋጠረ፣ ባቴም እየተኮማተረ ሲያስጮኸኝ አደረ። አንዷ የሰጠችኝን አይቡፕሮፌን ሁለት ፍሬ ዋጥኩ። ስልኬ 23 ሺህ እርምጃ ቆጥሯል። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ባሸነፈበት ከተማ እኔ አዲስ ጫማ አድርጌ መራመድ አቃተኝ። እርጅና ነው ወይስ ልቤን አሞኛል?

መልስ፦ አበበን ካነሱልኝ ከእሱ ልጀምር። የሮም ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል ውድድሩ ሲመሻሽ ተጀምሮ ከጨለመ በኋላ አለቀ። አበበ የገባበት የቆስጠንጢኖስ ቅስት ደግሞ እርስዎ ዓይንዎ ከጨለመበት ከኮሎሲየም አጠገብ ነው። ልዩነቱን ይዩት፤ ያ የሰለጠነ ወጣት በዚያ ቦታ ያለፈው በምሽት ነፋስ ነው። እርስዎ የቆሙት ሌሊቱን ሳይተኙ፣ ውኃ ሳይጠጡ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። እሱ በለመደው ባዶ እግሩ ሮጠ፤ እርስዎ ባልለመዱት አዲስ ጫማ ሄዱ።

ደግሞም «ቆሙ» ያልኩት አውቄ ነው። ሰው በጉብኝት ቀን ከመሄዱ ይልቅ መቆሙ ይጎዳዋል። ስንራመድ የባት ጡንቻ የእግርን ደም ሥሮች እየጨመቀ ደሙን ወደ ልብ ይገፋል። በሰልፍ ዝም ብለን ስንቆም ግን ደሙ እግር ላይ ይጠራቀማል። ሙቀት ደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ኢናላፕሪልም እንዲሁ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ውኃና ጨውን በሽንት ያስወጣል። ይህ ሁሉ ውኃ ባልጠጣ ሰው ላይ ሲደራረብ ግፊት በድንገት ይወርድና ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ያንሳል። ዓይን የሚጨልመው ያኔ ነው። በዚያ ላይ የመጡት ከአዲስ አበባ ክረምት፣ ካፖርት ከሚለበስበት ብርድ ነው። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ እርስዎ አንድ ሌሊት ሰጡት።

ስለዚህ የነገሩኝ ሁሉ ከልብ ሕመም ይልቅ ለዚህ ይቀርባል። ሆኖም በዕድሜዎና በግፊትዎ ምክንያት በግምት አልሸኝዎትም። ግፊትዎን ተኝተውም ቆመውም ያስለኩ፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ) ይነሱ፣ የኩላሊትና የፖታሲየም የደም ምርመራ ያድርጉ።

ከሁሉም ያሳሰበኝ አይቡፕሮፌኑ ነው። ሰውነት ደርቆ ሳለ ከሁለቱ የግፊት መድኃኒቶችዎ ጋር ሲደመር ኩላሊትን በድንገት ሊጎዳ ይችላል። ዳይክሎፌናክም ያው ነው። ለእንዲህ ያለ ሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል። የግፊት መድኃኒትዎንም በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ፤ ከጉዞ በፊት ሐኪምዎ መጠኑን ወይም ሰዓቱን ያስተካክል።

ባትዎ ሲኮማተር ጉልበትዎን ዘርግተው የእግር ጣቶችዎን ወደ ራስዎ ይሳቡ፤ ይለቃል። እብጠቱ በሁለቱም እግር ላይ ከሆነና እግር ከፍ አድርገው ሲያድሩ ከጎደለ አያስፈራም።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስኳር ስላለብኝ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ከወዳጆቼ ጋር ወደ ሮም ልሄድ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ረጅም የእግር መንገድ ስኳርን ያወርዳል፤ ውጤቱም እስከ ሌሊት ሊቆይ ይችላል። ችግሩ ላብ፣ መንቀጥቀጥና መዛል ሲመጣ ሁሉም ሰው «ሙቀቱ ነው» ማለቱ ነው። እርስዎ ግን ይለኩ። መለኪያ ከሌለ ወርዷል ብለው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ይውሰዱ፤ ቀጥሎም ምግብ ይቅመሱ። የኢንሱሊን መጠንዎን ከጉዞው በፊት ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት። ኢንሱሊኑን ፀሐይ ላይ በቆመ አውቶቡስ ውስጥ ጥለው አይውረዱ፤ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት ያበላሸዋል።

እግርዎ ስሜቱ ቀንሶ ከሆነ ቁስል ሳያውቁት ሊወጣብዎ ይችላል። የሮም አሮጌ መንገዶች ሳምፒዬትሪኒ በሚባል ጥቁር ጥርብ ድንጋይ የተነጠፉ ናቸው። ቁርጭምጭሚትን ያወዛውዛሉ፣ ጫማን ከእግር ጋር ያፋጫሉ። ስለዚህ ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት የተለማመዱትን ጫማ ያድርጉ፤ ማታ ማታም የእግርዎን ሥር በመስታወት ይዩ።

ጥያቄ፦ እግሬ ውኃ ሲቋጥር ላፍርጠው?

መልስ፦ ትንሽ ከሆነ አይንኩት፤ በፕላስተር ይሸፍኑት። ትልቅና የሚያሳምም ከሆነ በሳሙና ታጥበው፣ በንጹሕ መርፌ ከጫፉ ወግተው ውኃውን ያስወጡ፤ ቆዳውን ግን አይላጡት፣ ክር አሳልፈውም አይተዉበት። ስኳር ያለበት ሰው ይህን በራሱ አያድርግ።

ጥያቄ፦ ጉዟችን ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታን እየጾምን ነው። እንዴት እንሁን?

መልስ፦ የጾሙን ሥርዓት ለንስሐ አባትዎ እተወዋለሁ፤ እኔ ስለ ውኃው ልናገር። ችግሩ የጾም ምግቡ አይደለም፤ ማሪናራ የሚባለው ፒዛ እንኳ አይብ የለውም። ችግሩ ነሐሴ ለሮም የሙቀት ወር መሆኑና እስከ ቀትር በኋላ ያለ ውኃ መዋሉ ነው። ጤነኛ ከሆኑ ጠዋቱን ጥላ ባለው ቤተ ክርስቲያን ያሳልፉ፣ የእግር መንገዱን ከበሉና ከጠጡ በኋላ ለምሽት ያቆዩ። ስኳር፣ የኩላሊት ሕመም ወይም ግፊት ካለብዎ ግን ደረቅ ሆነው ፀሐይ ላይ አይውጡ። ይህን ለንስሐ አባትዎ አስቀድመው ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ድካም ነው ብለን የማናልፈው የትኛው ነው?

መልስ፦ በሙቀት የዋለ ሰው ንግግሩ ከተምታታ፣ ቆዳው ከነደደ ወይም ራሱን ስቶ ካልነቃ ነገሩ ድካም አይደለም። 112 ይደውሉ። ወደ ጥላ ወስደው ልብሱን ያላሉ፣ ውኃ እያርከፈከፉ ያራግቡት፤ ላልነቃ ሰው ግን በአፉ ምንም አይስጡ። የደረት ሕመም ለነገ አይባልም። ከበረራ በኋላ አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ይታዩ።

ጥያቄ፦ (ከመጀመሪያዋ ጠያቂያችን) ልጆቼ በመስከረም እንደገና ሊልኩኝ ነው። ልቅር?

መልስ፦ ምርመራዎ ደህና ከሆነ ይሂዱ። የደረሱበትን ቀን ለእንቅልፍ ይስጡት። ከዚያ በኋላም በቀን አንድ ትልቅ ቦታ ይበቃል፤ እሱንም በጠዋት። የባዚሊካው ጉልላት 551 ደረጃ ነው፤ በአሳንሰር ቢጀምሩም 320 ይቀራል። ታች ሆኖ ቀና ብሎ ማየትም ማየት ነው። የቫቲካኑ የሲስቲን ጸሎት ቤት ግድግዳውን ተከትሎ መቀመጫ ስላለው እዚያ ይረፉ። የስፔን ደረጃዎች ላይ መቀመጥ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ክልክል ስለሆነ ማረፊያዎን በሌላ ቦታ ያስቡ። ሰልፍ ላይ ሲቆሙ ተረከዝዎን ደጋግመው ያንሱ፤ ዓይንዎ ሊጨልም ሲል ሳያፍሩ መሬት ላይ ይቀመጡ። በየመንገዱ ናሶኒ የሚባሉ 2,500 ያህል የመጠጥ ውኃ ቧንቧዎች አሉ፤ ውኃቸው ቀዝቃዛ ነው፣ ገንዘብም አያስከፍልም። ሽንት ቤት ከፈለጉ ቡና ቤት ገብተው አንድ ማኪያቶ ይዘዙ።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ሳነብ አንድ ሌላ ሕመም አየሁ፦ ይሉኝታ። ውኃ ያልጠጡት ሰው እንዳያስቆሙ ነው። ሲደክምዎ ዝም ያሉትም ለዚሁ ይመስለኛል። በመስከረም የመጀመሪያው ጠዋት አስጎብኚዋን ለብቻ ጠርተው ግፊት እንዳለብዎ፣ በየሰዓቱ መቀመጥ እንደሚያስፈልግዎ ይንገሯት። ኋላም «አረፍ እንበል» የሚለውን ቃል እርስዎ ያውጡት። ከሃያ ሁለታችሁ መካከል ስንቱ ጫማው እየላጠው ያንኑ ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሲጠብቅ እንደዋለ የሚያውቁት ሁሉም ተሽቀዳድሞ ሲቀመጥ ነው።