የምንመኘውን ሕይወት በዓይነ ኅሊና ማየትና በየዕለቱ መምረጥ

ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ካለፈበት መንገድ የሚገኝ ትምህርት

ለሰው ልጅ ከተሰጡት የአእምሮ ኃይላት አንዱ ገና ያልሆነውን ነገር እንደ ሆነ አድርጎ በኅሊና ማየት መቻሉ ነው። ገበሬው በሰኔ ዝናብ ዘሩን ሲዘራ የኅዳርን አዝመራ ይመለከታል፤ እናትም ሕፃኗን አቅፋ ሳለ ልጇ አድጎና ተምሮ ይታያታል። ይህ ስጦታ መልካም ነው፤ ነገር ግን አያያዝ ይጠይቃል። በዘመናችን የተመኙትን ሕይወት በኅሊና አጥብቆ መሳል ብቻውን ያንን ሕይወት ያመጣል የሚሉ መጻሕፍትና ተናጋሪዎች በዝተዋል። ወጣቶቻችንም ይህን ሰምተው መኪናውን፣ ቤቱን፣ የውጭ አገሩን ኑሮ እያለሙ ብዙ ሰዓት ያሳልፋሉ። ትምህርቱ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ግማሹ እውነት ነው፤ ከዚህም የተነሣ ከሙሉ ሐሰት ይልቅ ያታልላል። እውነቱን ከሐሰቱ ለመለየት፣ ውድ ምእመናን፣ በኅሊና ማለምን ከማንም በላይ ያውቅ የነበረውን አንድ ሰው እንመልከት።

ኢግናጥዮስ በ1491 ዓ.ም. በሰሜን ስፔን፣ በባስክ አገር፣ ከመኳንንት ወገን ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እስከ 30 ዓመቱ ድረስ የሚያልመው የጦር ሜዳ ክብርንና የቤተ መንግሥት ዝናን ነበር። በ1521 ዓ.ም. በፓምፕሎና ምሽግ ከፈረንሳውያን ጋር ሲዋጋ የመድፍ ጥይት አንዱን እግሩን ሰበረው፣ ሌላውንም አቈሰለው። ወደ ትውልድ ቤቱ ተወስዶ ሲታከም ከጉልበቱ በታች አንድ አጥንት ጎልቶ ቀረ። መኳንንት ይጫሙት የነበረውን ጠባብ ቦት ጫማ እንዳያደርግ ስለ ከለከለው አጥንቱ እንዲቈረጥ አዘዘ፤ በዚያን ዘመን ደግሞ ማደንዘዣ መድኃኒት አልነበረም። ሰው በኅሊናው የያዘው የራሱ ምስል ምን ያህል እንደሚገዛው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአልጋ ላይ ሳለ የፈረሰኞችን ጀብዱ የሚተርኩ መጻሕፍት እንዲያመጡለት ጠየቀ። በቤቱ ስላልተገኙ የጌታችንን ሕይወትና የቅዱሳንን ገድል የያዙ መጻሕፍት ሰጡት። ከንባቡ ሲያርፍ ሁለት ዓይነት ሕልም ይመላለስበት ጀመር። አንዳንድ ጊዜ ስለ አንዲት ክብርት እመቤት እያሰበ፣ ወደ አገርዋ እንዴት እንደሚሄድ፣ ምን ብሎ እንደሚናገራት፣ ለክብርዋ ምን ጀብዱ እንደሚፈጽም እያለመ ሦስትና አራት ሰዓት ይቈይ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ እንደ ቅዱስ ፍራንቸስኮስና እንደ ቅዱስ ዶሚኒኮስ ድኻ ሆኖ ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዝ ራሱን ያያል። ሁለቱም ሕልሞች በሚታለሙበት ሰዓት ደስ ያሰኙት ነበር። ልዩነቱ የታየው ከሕልሙ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያው ሲያልፍ ልቡን ደረቅና ቅር የተሰኘ አድርጎት ይሄዳል፤ ሁለተኛው ግን ካለፈም በኋላ ደስታው አብሮት ይቈያል። ኢግናጥዮስ ይህን ያስተዋለው ወዲያው ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከተደጋገመበት በኋላ ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያው መመዘኛ ይህ ነው። የምናልመውን ሕይወት በጣፋጭነቱ አንመዝነውም፤ ጣፋጭማ ሁሉም ነው። ሕልሙ ካለፈ በኋላ በልባችን የተረፈውን እንመረምራለን። ሁለት እኅቶች ወደ ዐረብ አገር ሄደው መሥራትን ቢያስቡ፣ አንዷ ከሐሳቧ ስትመለስ ቤቷንና ጎረቤቷን ትጠላለች፤ ሌላዋ ግን ቋንቋ ለመማር፣ ውሉን ለማንበብ፣ ሕጋዊውን መንገድ ለመጠየቅ ትነሣለች። የሁለቱም ምኞት በስም አንድ ነው፤ የተወው ነገር ግን አንድ አይደለም።

ይህን የቈየ ጥበብ የዘመኑ የሥነ ልቦና ጥናትም በራሱ መንገድ ደርሶበታል። በ1999 ዓ.ም. ሊየን ፋምና ሼሊ ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሎስ አንጀለስ ፈተና የቀረበባቸውን ተማሪዎች ከፈሏቸው። አንዳንዶቹ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ጥሩ ውጤት አግኝተው ሲደሰቱ በኅሊናቸው እንዲያዩ ተደረገ። ሌሎቹ ደግሞ ሲያጠኑ ራሳቸውን እንዲያዩ ተነገራቸው፤ የት እንደሚቀመጡ፣ መጽሐፉን እንዴት እንደሚገልጡ፣ የሚያዘናጋቸውን ነገር እንዴት እንደሚያርቁ። የበለጠ ያጠኑትና የተሻለ ውጤት ያገኙት እነዚህ፣ ማለትም ሥራውን ያዩት ናቸው። ጋብሪኤለ ኦቲንገን የተባለች ጀርመናዊት ምሁርም ከባልደረባዋ ጋር በ1991 ዓ.ም. ባሳተመችው ጥናት ክብደት ለመቀነስ የሚጥሩ ሴቶችን ተከታትላለች። እንደሚሳካላቸው ተስፋ የነበራቸው ከሌሎቹ ይልቅ ቀነሱ። ቀጥነውና አምረው በምናብ ራሳቸውን ያዩት ግን የቀነሱት አነስተኛ ነበር። ተስፋና ቅዠት በአፍ ሲነገሩ ቢመሳሰሉም በሥራ ይለያያሉ። አእምሮ የድሉን ደስታ አስቀድሞ ከቀመሰው ለድካሙ የሚነሣበት ጕልበት ይላላል። ጌታችንም ግንብ ሊሠራ የፈለገውን ሰው በምሳሌ ሲያነሣ (ሉቃ. 14፥28) ስለ ግንቡ ውበት አልተናገረም፤ ተቀምጦ ኪሳራውን ስለ መቍጠር ነው እንጂ።

አሁን ወደ ሥጋችን ጤና እንምጣ፤ በዚህ ረገድ የኢግናጥዮስ ታሪክ ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ያስተምራል። በ1522 ዓ.ም. ማንሬሳ በምትባል ከተማ ተቀምጦ በነበረበት ጊዜ ጾሙን ከልክ አሳለፈ፤ ጠጕሩንና ጥፍሩንም ሳይቈርጥ ተወ። በዚህ የተነሣ ጤናው ተጎዳ፤ የሆድ ሕመምም እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልተወውም። በዚያው ስፍራ ሌሊት ሊተኛ ሲል ታላላቅ መንፈሳዊ ሐሳቦች ይመጡበት ነበር። እርሱም ለጸሎት የተመደበ በቂ ሰዓት እንዳለው፣ የእንቅልፉ ሰዓት ግን ጥቂት እንደ ሆነ አስቦ፣ ሐሳቦቹ መልካም ቢመስሉም ትቶ መተኛትን መረጠ። እስከ እኩለ ሌሊት በስልክ ላይ ለምናፈጥ ሰዎች ይህ ምርጫ ትልቅ ትምህርት ነው። ኋላም ለማኅበሩ ሥርዓት በጻፈ ጊዜ የሥጋን ጤና በልክ መጠበቅ እንደሚገባ አኖረ።

በ«መንፈሳዊ ልምምዶች» መጽሐፉ ውስጥ ስለ መብልና መጠጥ የሰጣቸው መመሪያዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱን ለየት አድርገን እንመልከት። ሰው ለሚቀጥለው ማዕድ የሚበላውን መጠን መወሰን ያለበት ምሳ ወይም እራት ከበላ በኋላ፣ ረኃብ በማይሰማው ሰዓት ነው ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተራበ ሰው የሚወስነው በሆዱ ነው። ስንበላም ጌታችን ከሐዋርያቱ ጋር በማዕድ ተቀምጦ ሲበላ፣ ሲጠጣና ሲነጋገር በዓይነ ኅሊና እንድናይ ይመክራል። በኅሊና ማየትና ጤናማ ምርጫ በአንድ ማዕድ ላይ የተገናኙት እንዲህ ነው።

ይህን ወደ ቤታችን እናምጣው። የደም ግፊት ያለበት አባወራ ጨው እንዲቀንስ ሐኪም ነግሮታል እንበል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። አባወራው ወጡ ቀርቦ እየሸተተው ከራሱ ጋር ሙግት ቢጀምር ይሸነፋል። እራት ከበላ በኋላ ግን ስለ ነገው ወጥ ከባለቤቱ ጋር ቢነጋገር ምክሩ በርጋታ ይሆናል። መጠጥም እንዲሁ ነው። ወደ ሠርግ ወይም ወደ ማኅበር ስንሄድ አንድ ብርጭቆ እበቃኛለሁ ብለን እንወጣለን፤ ባለቤቱ ግን ማንቈርቈሪያውን ይዞ «በሞቴ!» ሲለን ውሳኔያችን ይፈርሳል። ስለዚህ ከቤት ሳንወጣ በኅሊናችን ማየት የሚገባን ያንኑ ሰዓት ነው፤ ሰውየው ቆሞ «በሞቴ» ሲል፣ እኛም በትሕትና «እግዜር ይስጥልኝ፣ በቅቶኛል፣ ውኃ ስጡኝ» ስንል። ይህ ቢሆን ይህን አደርጋለሁ ብሎ አስቀድሞ መወሰን፣ በደፈናው አደርጋለሁ ከማለት ይልቅ ሰውን ወደ ሥራ እንደሚያደርስ ፔተር ጎልቪትሰር የተባለው የሥነ ልቦና ምሁርም በጥናቱ አሳይቷል።

የዕለት ምርጫ ልማድ እስኪሆን ትዕግሥት ያስፈልጋል። ኢግናጥዮስ ለዚህ ያስተማረው ዘዴ ከወረቀትና ከእርሳስ በላይ አይጠይቅም። ሰው አንድ ጉድለት ብቻ ይመርጣል፤ ጠዋት ሲነሣ ስለዚያ ይወስናል፤ ከምሳና ከእራት በኋላ ሰዓቱን አንድ በአንድ እያሰበ የወደቀበትን ያህል ነጥብ በመስመር ላይ ያኖራል። ለሳምንቱ ሰባት ቀናት መስመሮች ተሰምረዋል፤ ዛሬን ከትናንት፣ ይህን ሳምንት ካለፈው ያስተያያል። በለንደን የተደረገና በ2010 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት አዲስ ልማድ ሥር ለመስደድ በአማካይ 66 ቀናት እንደሚፈጅበት አግኝቷል። ሆኖም ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀናት የሚደርስ ልዩነት ነበረ። አንድ ቀን መሳት ሥራውን እንዳላፈረሰም ታውቋል። በሁለተኛው ሳምንት «አልቻልኩም» ለሚሉ ይህ ሊነገራቸው ይገባል።

አንድ ነገር ግን በዝምታ ማለፍ አይቻልም። ሕልሙ ያልተፈጸመለት ሰው አጥብቆ ስላላሰበ ነው የሚለው አነጋገር በድኻና በታማሚ ላይ የሚደረግ ጭካኔ ነው። ሥራ አጥነት፣ ድርቅና ጦርነት በሰው ምናብ አይወገዱም። ኢግናጥዮስም ዕድሜውን በሙሉ በኢየሩሳሌም እንደሚኖር በኅሊናው ሥሎ ነበር። በ1523 ዓ.ም. ደረሰ፤ ነገር ግን ቅዱሳን መካናትን የሚጠብቁት የፍራንቸስካውያን አለቃ እንዲቀር አልፈቀዱለትም። ያየው ሁሉ ፈረሰ። ተመልሶም በባርሴሎና ከሕፃናት ጋር ተቀምጦ የላቲን ሰዋስው መማር ጀመረ፤ ዕድሜው ከ30 አልፎ ነበር። ማኅበሩ በ1540 ዓ.ም. በር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ ሣልሳዊ ጸደቀ፤ እርሱም ቀሪ ዘመኑን በሮም በአንዲት ክፍል ደብዳቤ እየጻፈ አሳለፈ። ይህን ኑሮ በአልጋ ላይ ሳለ አላለመውም።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፦ ይህን ትምህርት ለወጣቶች ስታቀርቡ «ከአሥር ዓመት በኋላ የት ትሆናላችሁ?» ከሚለው ጥያቄ አትጀምሩ። ለአምስት ደቂቃ ያህል ዓይናቸውን ጨፍነው የነገን ቀን፣ ከመኝታ ከተነሡበት ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ፣ በኅሊናቸው እንዲመላለሱበት አድርጉ፤ የሚሰናከሉበትንም አንድ ስፍራ ይለዩ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ሰባት መስመር የተሰመረበት ወረቀት ይሰጠው። ወረቀቱን ለማንም እንዲያሳይ አታስገድዱት፤ በሚቀጥለው ሳምንት የምትጠይቁት ስለ ነጥቦቹ ቍጥር ሳይሆን በየትኛው ሰዓት እንደ በዙ ይሁን።